የአንድ ረድፍ ስህተት፦ ማይክሮአሬይ ለመድኃኒት ምርምር የሰጠው ተስፋና ያስተማረን ትምህርት

ካንሰር ይዞት ከፊታችን ለተቀመጠ ሕሙም መድኃኒት ስናዝዝ ከምናውቀው ይልቅ የማናውቀው ይበዛል። ዕጢያቸው፣ የበሽታቸው ደረጃና ዕድሜያቸው ተመሳሳይ ከሆነ ሁለት ሰዎች መካከል የአንደኛው ዕጢ በታዘዘለት መድኃኒት ሲሟሽሽ፣ ሁለተኛው ፀጉሩን፣ የደም ሕዋሳቱንና ገንዘቡን ከስሮ ዕጢው እንደነበረ ይቀራል። ከመጀመሪያው መርፌ በፊት «ይህ መድኃኒት ለዚህኛው ይሠራል፤ ለዚያኛው ግን አይሠራም» ማለት ቢቻል ስንት ሥቃይ ይቀር እንደነበረ ለጤና ባለሙያ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው።

በ2006 መገባደጃ ላይ ኔቸር ሜዲሲን የተባለው ዓለም አቀፍ መጽሔት ለዚህ ጥያቄ መልስ መገኘቱን የሚያበሥር ጽሑፍ አወጣ። በዚህ ሒስ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልግለጽ። የጽሑፉ አዘጋጆች በአሜሪካ ኖርዝ ካሮላይና የሚገኘው የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አኒል ፖቲ፣ ጆሴፍ ኔቪንስና ባልደረቦቻቸው ሲሆኑ፣ የተመረኮዙበትም ስልት ማይክሮአሬይ ነበር። ጽሑፉ ዛሬ ተሽሯል። ይሁን እንጂ እንዴት እንደተጻፈ፣ እንዴት እንደታመነና እንዴት እንደወደቀ መመርመር አሁንም ይጠቅመናል። እኔ ከዚህ ታሪክ የምረዳው፣ በዚህ ዓይነቱ ምርምር ውስጥ ትልቁ አደጋ የሚመጣው ከማሽኑ ሳይሆን ማንም ሳይመረምረው ከታመነ ሠንጠረዥ መሆኑን ነው። ያንን ሠንጠረዥ መመርመርም ለሒሳብ ሊቃውንት ብቻ የሚተው ሳይሆን የሕክምና ሥነ ምግባር አካል ነው።

ማይክሮአሬይ ምን ይለካል?

ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም የሰውነታችን ሕዋሳት አንድ ዓይነት የጂን ስብስብ ይዘዋል። የጉበትን ሕዋስ ከነርቭ ሕዋስ የሚለየው በዋናነት ከእነዚህ ጂኖች መካከል የትኞቹ እንደሚሠሩና የትኞቹ እንደተዘጉ ነው። የሚሠራ ጂን መልእክተኛ አርኤንኤ የተባለውን ቅጂ ያወጣል። ማይክሮአሬይ የሚለካው የዚህን ቅጂ መጠን ነው። ጥፍር በምታህል ሰሌዳ ላይ አጫጭር የዲኤንኤ ቁርጥራጮች እያንዳንዳቸው በታወቀ ቦታቸው ይተከላሉ። ከሕዋሱ የወጣው አርኤንኤ ተባዝቶና አብሪ ምልክት ተደርጎበት ሲፈስስባቸው እያንዳንዱ ቅጂ ከአቻው ጋር ይጣበቃል። የየቦታው ድምቀት በመቃኛ መሣሪያ ይነበብና ወደ ቁጥር ይለወጣል።

ስልቱ በ1995 ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ይፋ ሲሆን የለካው የአንድ ተክል 45 ጂኖችን ብቻ ነበር። ከዐሥር ዓመት ገደማ በኋላ በካንሰር ምርምር ላይ ይሠራባቸው ከነበሩት የአፊሜትሪክስ ኩባንያ ሰሌዳዎች አንዱ ከ22,000 በላይ መለኪያዎችን ይዞ ነበር። በመሆኑም የአንድ ማይክሮአሬይ ጥናት ውጤት በመጨረሻ አንድ ግዙፍ ሠንጠረዥ ነው። በረድፎቹ ጂኖች፣ በዓምዶቹ ደግሞ ናሙናዎች ይሰለፋሉ። ከዚያ በኋላ የሚደረገው ምርምር ሁሉ እያንዳንዱ ቁጥር በትክክለኛው ረድፍና ዓምድ ላይ መቀመጡን ተማምኖ የሚሄድ ነው።

ሁለት ነገሮችን በዚሁ ማስታወስ ያስፈልጋል። አንደኛ፣ የአርኤንኤ መጠን የፕሮቲን መጠን ማለት አይደለም፤ አብሮ መታየትም ምክንያት መሆን አይደለም። ሁለተኛ፣ ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ የሚለካ ሰው በአጋጣሚ የሚያገኘውም ብዙ ነው። በ22,000 መለኪያዎች ላይ የተለመደውን የ5 በመቶ የስህተት ወሰን ብንጠቀም፣ ምንም እውነተኛ ልዩነት በሌለበት እንኳ ወደ 1,100 የሚጠጉ ጂኖች «ልዩነት አሳይተዋል» ተብለው ሊወጡ ይችላሉ። ስለዚህ የጂን ዝርዝር ማግኘት ቀላል ነው፤ ዝርዝሩ ትርጉም ያለው መሆኑን ማረጋገጥ ግን ከባድ ነው።

በመድኃኒት ፍለጋ ውስጥ የሠራው መልካም ሥራ

ሒስ ሚዛናዊ መሆን ስላለበት ቴክኖሎጂው በትክክል ያበረከተውን እናስቀድም። በ1998 በዚያው በኔቸር ሜዲሲን የታተመ አንድ ጥናት በእርሾ ላይ ብልህ ሙከራ አቅርቦ ነበር። የንቅለ ተከላ ሕሙማን የሚወስዷቸው ሳይክሎስፖሪንና ታክሮሊመስ ካልሲኒዩሪን የተባለውን ፕሮቲን ሥራ እንደሚያስቆሙ ይታወቃል። ተመራማሪዎቹ መድኃኒት የወሰደውን እርሾ የጂን አሻራ፣ የካልሲኒዩሪን ጂን ከተወገደለት እርሾ አሻራ ጋር አነጻጸሩ፤ ሁለቱም ተመሳሰሉ። መድኃኒቱ ዒላማውን ከሚነካው ሌላ ምን እንደሚነካም ዒላማው በሌለበት እርሾ ላይ በመሞከር ለማየት ቻሉ። ይህ ለመድኃኒት ቀማሚዎች ትልቅ ዕውቀት ነው።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ሁለተኛው ምሳሌ የሳንባ ነቀርሳ ነው። በየጤና ጣቢያችን በየዕለቱ የምንሰጠው አይሶናያዚድ ከ1952 ጀምሮ ሲሠራበት ቆይቷል። የነቀርሳ ባክቴሪያው ሙሉ የዘረመል ቅደም ተከተል በ1998 ከተነበበ በኋላ፣ በ1999 የወጣ ጥናት ባክቴሪያው ለአይሶናያዚድ ሲጋለጥ የትኞቹ ጂኖቹ እንደሚነቃቁ በማይክሮአሬይ ለካ። ከተነቃቁት መካከል ለባክቴሪያው ግድግዳ የሚያስፈልጉትን ረጃጅም የስብ አሲዶች በመሥራት የሚሳተፉ፣ ጎን ለጎን የተሰለፉ አምስት ጂኖች ተገኙበት። መድኃኒቱ የሚያጠቃው ይህንኑ የግድግዳ ሥራ መሆኑ ቀደም ሲል ይታወቅ ስለነበር ውጤቱ የስልቱን ታማኝነት መሰከረ። ከዚህ በመነሣት አሠራሩ ያልታወቀ አዲስ ውሕድ ቢመጣ ባክቴሪያው የሚሰጠውን ምላሽ አይቶ መድኃኒቱ የት እንደሚመታ ለመገመት መንገድ ተከፈተ።

ሦስተኛው ምሳሌ በ2006 በማሳቹሴትስ ከሚገኘው ብሮድ ኢንስቲትዩት የወጣው፣ የ164 ውሕዶችን የጂን አሻራ ያሰባሰበ ማኅደር ነው። የአንድ በሽታ አሻራ ተወስዶ የትኛው ውሕድ ተቃራኒውን እንደሚያሳይ በማኅደሩ ውስጥ ይፈለጋል። በዚህ መንገድ፣ ለንቅለ ተከላ የሚታወቀው ሲሮሊመስ የሊምፎብላስቲክ ሉኪሚያ ሕዋሳት ለዴክሳሜታዞን ያላቸውን ተቋቋሚነት ሊያለዝብ እንደሚችል ተጠቆመ። ተመራማሪዎቹም ጥቆማውን በሌላ ስልት፣ በሕዋሳቱ ላይ ሞክረው አረጋገጡ።

ሦስቱን ምሳሌዎች አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ። በሁሉም ዘንድ ማይክሮአሬይ መላምት አመንጪ ወይም በታወቀ ዕውቀት የሚፈተን ስልት ነበር። የመጨረሻው ዳኛ ሌላ ሙከራ ነበር። ከአሻራው ተነሥቶ በቀጥታ ወደ ሕሙም አልጋ የሄደ አልነበረም።

የዱክ ጽሑፍ ምን አለ?

የፖቲና የባልደረቦቻቸው ሐሳብ እንዲህ ነበር። የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ኢንስቲትዩት 60 ያህል የካንሰር ሕዋስ ዝርያዎችን በቤተ ሙከራ እያራባ እጅግ ብዙ ውሕዶችን ፈትኖባቸዋል፤ ውጤቱም ለሁሉም ክፍት ነው። ለአንድ መድኃኒት በጣም የሚበገሩትንና መድኃኒቱን በጣም የሚቋቋሙትን ዝርያዎች መርጦ የጂን አሻራቸውን ማነጻጸር ይቻላል። በዚህም የሚለያዩት ጂኖች የዚያ መድኃኒት የመበገር አሻራ ይሆናሉ። ከዚያ ከሕሙሙ ዕጢ ናሙና ተወስዶ ከአሻራው ጋር ይነጻጸርና መድኃኒቱ ይመረጣል። ጽሑፉ ይህን ለዶሴታክሰል፣ ለዶክሶሩቢሲን፣ ለፓክሊታክሰልና ለሌሎች በሰፊው ለሚታዘዙ መድኃኒቶች ማድረግ እንደተቻለ፣ በእውነተኛ ሕሙማን መረጃም እንደተረጋገጠ አስታወቀ። በ2007 ደግሞ ከዚሁ ቡድን ለሲስፕላቲንና ለፔሜትሬክሰድ የተዘጋጀ ተመሳሳይ ጽሑፍ ወጣ።

ሐሳቡ ውብ ነው፤ ችግሩም እዚያው ላይ ይጀምራል። በሳህን ላይ የሚራባ ሕዋስ የደም ሥር የለውም፤ የመከላከያ ሕዋሳት አይከብቡትም፤ መድኃኒቱን የሚቀይርለት ጉበትም የለውም። ለእያንዳንዱ መድኃኒት የተመረጡት ዝርያዎች ቁጥር በጣም ትንሽ ሲሆን የሚለኩት ጂኖች ግን በሺዎች ይቆጠራሉ። እንዲህ ባለ ሁኔታ አሻራ አለመገኘቱ እንጂ መገኘቱ ሊያስደንቅ አይገባም። ስለዚህ የጽሑፉ ክብደት በሙሉ ያረፈው በማረጋገጫው፣ ማለትም በሕሙማን መረጃ ላይ ነበር። የመጽሔቱ ገምጋሚዎችም ሆኑ አድናቆት ያቀረቡት አንባቢዎች አጥብቀው መያዝ የነበረባቸው ይህንን ነበር።

ሁለት ሰዎች ሠንጠረዡን ከፈቱት

ጽሑፉን ያነበቡ በሂውስተን የሚገኘው የኤም. ዲ. አንደርሰን የካንሰር ማዕከል ሐኪሞች ስልቱን ለራሳቸው ሕሙማን ለመጠቀም ፈለጉ። በመሆኑም የማዕከሉን የባዮስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ኪት ባገርሊንና ኬቨን ኩምብስን እንዲመረምሩላቸው ጠየቁ። ሁለቱ ባለሙያዎች ጽሑፉን ለማፍረስ አልተነሡም፤ ደግመው ሊሠሩት ነበር የፈለጉት። ሊሠሩት ግን አልቻሉም።

ምክንያቱን ሲፈልጉ ያገኙት ነገር ረቂቅ ሒሳብ አልነበረም። የዱክ ቡድን የተጠቀመበት ሶፍትዌር ሠንጠረዡን የሚጠብቀው ያለ ርእስ ረድፍ ነበር። የርእስ ረድፍ ያለበት ሠንጠረዥ ሲሰጠው የጂኖቹ ስም በሙሉ በአንድ ረድፍ ተንሸራተተ። በዚህ ምክንያት በጽሑፉ ላይ «ይህ ጂን ከመድኃኒቱ ጋር ተዛምዷል» ተብለው የታተሙት ብዙዎቹ ጂኖች በእውነቱ የጎረቤታቸውን ስም የተሸከሙ ነበሩ። በሌሎች ሠንጠረዦች ላይ ደግሞ የሚበገሩትና የሚቋቋሙት ስያሜያቸው ተገላብጦ ተገኘ። የአንዳንድ ሕሙማን ናሙና ተደጋግሞ ገብቷል፤ አንዱ ናሙና በአንድ ቦታ «ተበግሯል»፣ በሌላ ቦታ «ተቋቁሟል» የተባለበትም ነበር። ለሲስፕላቲን ከቀረበው ዝርዝር ውስጥ ደግሞ ጥናቱ ተሠራበት በተባለው ሰሌዳ ላይ ጭራሽ ያልተተከሉ ሁለት መለኪያዎች ተገኙ። ያልተለካ ነገር ተለክቷል ተብሎ ተጽፏል ማለት ነው።

የስያሜው መገላበጥ ለሐኪም ምን ማለት እንደሆነ ላፍታ እናስብ። የፔሜትሬክሰድ ሠንጠረዥ ከተገላበጠ፣ «ይህ መድኃኒት ይሠራለታል» ተብሎ መድኃኒቱ የሚሰጠው በትክክል መድኃኒቱ የማይሠራለት ሰው ነው። በዕጣ ከመታዘዝ የባሰ ነው።

ባገርሊና ኩምብስ ያገኙትን በ2007 በዚያው በኔቸር ሜዲሲን በደብዳቤ አሳተሙ። የዱክ ተመራማሪዎች በዚያው እትም መልስ ሰጥተው ውጤታቸው ትክክል መሆኑን ጸኑበት። ክርክሩ ለአንባቢ «እነዚህ እንዲህ ይላሉ፤ እነዚያም እንዲያ ይላሉ» መስሎ ቀረ። በዚህ መካከል ከ2007 ጀምሮ በዱክ ሦስት ክሊኒካዊ ሙከራዎች ተከፈቱ። በሳንባና በጡት ካንሰር የታመሙ ሰዎች መድኃኒታቸው በዚህ አሻራ እየተመረጠ መታከም ጀመሩ። ከ100 በላይ ሰዎች ተመዘገቡ።

እንዴት ወደቀ?

ቀጥሎ የሆነው ነገር ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ነው። ሁለቱ ባለሙያዎች በ2009 ዝርዝር ትንተናቸውን በአንድ የስታቲስቲክስ መጽሔት ላይ አወጡ። ከዚያ በኋላ ዩኒቨርሲቲው ሙከራዎቹን ለጊዜው አቁሞ የውጭ ገምጋሚዎች እንዲያዩት አደረገ። ነገር ግን ከሂውስተን የተላከው ተጨማሪ ማስረጃ ለገምጋሚዎቹ ሳይደርስ ቀረ። ግምገማው ስልቱን ደገፈ፤ ሙከራዎቹም በ2010 መጀመሪያ ላይ እንደገና ተከፈቱ።

የጉዳዩን መልክ የለወጠው የተገላበጠው ሠንጠረዥ ሳይሆን የአንድ ሰው የሥራ ልምድ መግለጫ ነበር። በሐምሌ ወር 2010 አንድ የካንሰር ዜና መጽሔት ፖቲ በኦክስፎርድ የሚያስተምረውን ዝነኛውን የሮድስ የትምህርት ዕድል አግኝቻለሁ ማለታቸው ሐሰት መሆኑን አጋለጠ። በቀናት ውስጥ ከ30 የሚበልጡ የባዮስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ሙከራዎቹ እንዲቆሙ ለብሔራዊ የካንሰር ኢንስቲትዩት ደብዳቤ ጻፉ። ሙከራዎቹ ቆሙ፤ ዓመቱ ሳያልቅም ለዘለቄታው ተዘጉ። ፖቲ ሥራቸውን ለቀቁ። የ2006ቱ ጽሑፍ በጥር 2011 ተሻረ፤ ሌሎችም ተከተሉት።

ለሦስት ዓመታት ያህል በሳይንሳዊ ማስረጃ የቀረበ አቤቱታ ሙከራውን ለዘለቄታው ማስቆም አልቻለም። አንድ የተጋነነ የሕይወት ታሪክ ግን በሳምንት ውስጥ አስቆመው። የጽሑፉ ጸሐፊ ሐቀኛ የሥራ ልምድ መግለጫ ቢኖራቸው ኖሮ፣ ሕሙማኑ እስከ መቼ በተገላበጠ ሠንጠረዥ ይታከሙ ነበር?

ሌላም አለ። በ2008 በዚያው ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረ አንድ የሕክምና ተማሪ የመረጃ አያያዙ ትክክል አለመሆኑን በጽሑፍ ገልጾ ስሙ ከጽሑፎቹ እንዲወጣ ጠይቆ ነበር። ይህ ለሕዝብ የታወቀው በ2015 ነው። ከውስጥ ሆኖ እውነቱን ያየው በሥልጣን ተዋረዱ ታችኛው ደረጃ ላይ የነበረ ሰው መሆኑን ልብ ይሏል። በየክፍላችን «ዶክተር፣ ይህ ቁጥር ልክ አይመስለኝም» ለማለት የሚፈራ ተለማማጅ ሐኪም ወይም ነርስ ካለ፣ ከዱክ የምንርቀው በመሬት ብቻ ነው።

በኅዳር 2015 የአሜሪካ የምርምር ሐቀኝነት ጽሕፈት ቤት ፖቲ የምርምር ሥነ ምግባርን መጣሳቸውን፣ መረጃም መለወጣቸውን አስታወቀ። ለአብነት ያህል በአንድ የገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ ላይ 33 ሕሙማን ዳሳቲኒብ ወስደው 6ቱ እንደተሻላቸው ተጽፎ ነበር። በእውነቱ የተመዘገቡት 4 ብቻ ሲሆኑ ለአንዳቸውም አልተሻላቸውም። ፖቲ ግኝቱን ሳያምኑም ሳይክዱም በስምምነት ጉዳዩን ዘጉ። ኔቪንስ ጽሑፎቹ እንዲሻሩ ራሳቸው የጠየቁ ሲሆን በጥሰት አልተወነጀሉም።

«የአንድ ሰው ጥፋት ነው» የሚለው መልስ

እዚህ ላይ አንባቢ «ታዲያ ይህ የአንድ አጭበርባሪ ታሪክ እንጂ የማይክሮአሬይ ታሪክ አይደለም» ሊል ይችላል። ተቃውሞው ከፊል እውነት አለው። ማሽኑ በእርግጥ አልዋሸም። በ2006 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በመራው ሰፊ ጥናት፣ ተመሳሳይ የአርኤንኤ ናሙናዎች በተለያዩ ቤተ ሙከራዎችና በተለያዩ ኩባንያዎች ሰሌዳዎች ሲለኩ ውጤታቸው በአብዛኛው ተቀራራቢ ሆኖ ተገኝቷል።

ነገር ግን ማጭበርበሩ ለዓመታት ሊደበቅ የቻለው በዙሪያው ያለው ተራ ስህተት ብዙ ስለነበረ ነው። በ2009 በታተመ አንድ ጥናት፣ በኔቸር ጄኔቲክስ መጽሔት ከወጡ 18 የማይክሮአሬይ ጽሑፎች ውስጥ በተሰጠው መረጃ ተመሥርቶ በመሠረቱ ደግሞ ለመሥራት የተቻለው 2ቱን ብቻ ነበር። 6ቱ በከፊል ወይም ከነልዩነታቸው ተደገሙ፤ 10ሩ አልተደገሙም። እነዚህን ጽሑፎች የሠሩት አጭበርባሪዎች ናቸው የሚል የለም። ብዙ ጊዜ መረጃው ወይም የአሠራሩ ዝርዝር አልተሟላም ነበር። ሐቀኛው ስህተትና ሆን ተብሎ የተሠራው ሐሰት ለውጭ አንባቢ አንድ መልክ የሚይዙት ሠንጠረዡ ሲደበቅ ነው። ሠንጠረዡ ሲከፈት ግን ሐቀኛው ይታረማል፤ ሐሰተኛውም ይጋለጣል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ሕሙሙ ግን እስኪጠራ የሚጠብቅበት ጊዜ የለውም።

ለማነጻጸሪያ የሚሆን ሌላ የማይክሮአሬይ ታሪክ አለ። በ2002 የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች የጡት ካንሰር የመዛመት ዕድልን የሚያመለክት የ70 ጂኖች አሻራ አወጡ። አሻራው ማማፕሪንት ተብሎ በ2007 የአሜሪካን ፈቃድ አገኘ። ነገሩ በዚህ አላበቃም። 6,693 ሴቶች የተመዘገቡበት ትልቅ ሙከራ ተደርጎ ውጤቱ በ2016 ታተመ። በሕክምና መመዘኛ አስጊ፣ በጂን አሻራቸው ግን አስጊ ያልሆኑት ሴቶች ኬሞቴራፒ ሳይወስዱ በአምስት ዓመት ውስጥ ካንሰሩ ወደ ሩቅ አካል ሳይዛመትባቸው የቆዩት 94.7 በመቶ ሆኑ። ከመጀመሪያው ጽሑፍ እስከዚህ ውጤት 14 ዓመታት አለፉ። የዱክ ቡድን ከጽሑፍ ወደ ሕሙማን የሄደው በአንድ ዓመት ገደማ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

ለእኛ የሚተርፈው

በየጤና ተቋማችን ማይክሮአሬይ የለም፤ ቴክኖሎጂውም በብዙ የምርምር ሥራ በአርኤንኤ ቅደም ተከተል ንባብ እየተተካ ነው። ታዲያ ይህ ሁሉ ምን ይጠቅመናል? ቢባል፣ ሦስት ነገር ነው መልሴ።

መጀመሪያ፣ ሠንጠረዡ አልቀረም፤ እንዲያውም አድጓል። እኛም በየዕለቱ ሠንጠረዥ ላይ እንውላለን። የሕሙማን መዝገብ ወደ መቁጠሪያ ቅጽ፣ ቅጹ ወደ ወርኃዊ ሪፖርት፣ ሪፖርቱ ወደ ኮምፒውተር ይገለበጣል፤ በእያንዳንዱ ሽግግር አንድ ረድፍ ሊንሸራተት ይችላል። ኤክሴል አንዳንድ የጂን ስሞችን ወደ ቀን መለወጡ ከታወቀ ቆይቷል፤ «ሴፕት 2» የተባለውን ጂን ሴፕቴምበር 2 አድርጎ ይመዘግበዋል። በ2016 የወጣ ጥናት በኤክሴል የጂን ዝርዝር ካያያዙ ጽሑፎች አምስት አንዱ ያህሉ እንዲህ ያለ ስህተት እንዳለበት አሳየ፤ ችግሩ እስከ 2020 ድረስ የጂኖቹን ስም እስከ ማስለወጥ ደርሷል። ስህተቱ ተራ ነው፤ ተራ በመሆኑም ማንም አይፈልገውም።

ሁለተኛ፣ በምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ የምንቀመጥ ሁሉ የስምምነት ቅጹን አጻጻፍ ብቻ መመርመር አይበቃንም። አንድ ሙከራ የሕሙማንን መድኃኒት በስሌት ሊመርጥ ሲመጣ ስሌቱን ከጸሐፊዎቹ ውጭ ማን ደግሞ ሠራው? መረጃው የት ተቀምጧል? ትንተናው ተጠናቅቆ የተቆለፈው ከማረጋገጫው በፊት ነው ወይስ በኋላ? ብሎ መጠየቅ ይገባል። የዱክ ጉዳይ ያስነሣው የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት የ2012 ሪፖርት ዋና ምክርም ይኸው ነው፤ መረጃውና የኮምፒውተር ትእዛዙ ለሌሎች ክፍት ይሁን፤ ፈተናውም ሕሙማንን ለመምራት ከመዋሉ በፊት ተቆልፎ በሌላ ናሙና ይረጋገጥ የሚል ነው። ዛሬ ብዙ የመድኃኒት ምርጫ ሐሳብ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ስም ሲቀርብልን እነዚህ ጥያቄዎች አንድም አልተለወጡም።

ሦስተኛ፣ ለመጠየቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ባገርሊና ኩምብስ ከደረሱባቸው ስህተቶች አብዛኞቹን ለማየት ከፍተኛ ሒሳብ አያስፈልግም ነበር። ረድፍ መቁጠር፣ ስያሜ ማመሳከር፣ ተደጋጋሚ ናሙና መለየት ነበር ሥራው። የጠየቀው ትዕግሥትና ድፍረት ነው። መድኃኒት ከመስጠቷ በፊት የሕሙሙን ስም፣ መጠኑንና ሰዓቱን ሦስት ጊዜ የምታመሳክር ነርስ ይህን ሥራ ከማንም በላይ ታውቀዋለች።

በእነዚያ ሦስት ሙከራዎች የተመዘገቡት ሰዎች ካንሰር ይዟቸው የመጨረሻ ተስፋቸውን በታላቅ ዩኒቨርሲቲ ስም ላይ የጣሉ ነበሩ። ቅጹን ሲፈርሙ መድኃኒታቸው በሳይንስ እንደሚመረጥላቸው ተነግሯቸው ነበር። እነርሱ ሠንጠረዡን መክፈት አይችሉም፤ እንዲከፍቱም አይጠበቅባቸውም። ያንን እንዲያደርግላቸው ያመኑት ነጭ ካፖርት የለበሰውን ሰው፣ ማለትም እኛን ነው። የዚህ ሙያ ባልደረቦች የሚቀጥለውን አስደናቂ ጽሑፍ በአድናቆት ከማንበባችን በፊት ሠንጠረዡን ለማየት እንጠይቅ፤ ሊያሳዩን ፈቃደኛ ካልሆኑም መድኃኒቱን ለማዘዝ አንቸኩል።